ከፎገራ እስከ ቦንጋ፦ ተነጥለው የሚኖሩ ማኅበሮችና የልጆቻቸው ጉዳይ

በ1981 ዓ.ም. ከደቡብ ጎንደር ፎገራ ወረዳ የተነሡ ገበሬዎችና ሸማኔዎች ሕፃን ሽማግሌ ሳይሉ ወደ ደቡብ ምዕራብ ተሰደዱ። አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው ያረፉት ቦንጋ ነበር። የጣናን ዙሪያ ሜዳ ለለመደ ሰው የከፋ ደን ሌላ ዓለም ነው። ዝናቡ አይጠገብም፣ ቡናው ማንም ሳይተክለው በዛፍ ጥላ ሥር ይበቅላል፣ ማሩ ከረጅም ዛፍ ላይ ከተሰቀለ ቀፎ ይቆረጣል፣ የሚሰማው ቋንቋ ካፊኖኖ ነው። እነዚህ ሰዎች ግን የሸሹት ከድርቅ አልነበረም። ጎረቤቶቻቸው ሃይማኖት የለሽ ሲሏቸው ኖረዋል፤ የደርግ ሹማምንት ደግሞ የኢሕአዴግ ደጋፊዎች ናቸው ብለው ጠረጠሯቸው። በሕይወት ለመትረፍ የቀራቸው መንገድ ስደት ሆነ።

ማኅበረሰቡ አውራ አምባ ይባላል። ዙምራ ኑሩ በ1964 ዓ.ም. 19 ሰዎችን ይዘው የመሠረቱት ነው። ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም የለውም፤ ፈጣሪ አንድ ነው፣ አምልኮውም መልካም ሥራ ነው ይላሉ። ሴት ታርሳለች፣ ወንድ እንጀራ ይጋግራል። ጧሪ ያጡ አረጋውያን የጋራ መኖሪያና ተንከባካቢ አላቸው። ልጅን ከዐቅሙ በላይ ማሠራት ነውር ነው። ሰርግ ተደግሶ፣ ተዝካር ተደግሶ ገንዘብ አይባክንም።

ይህ ሁሉ ዛሬ ሲነገር ሊመሰገን ይችላል። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ የፎገራ ገጠር ግን ተዝካር የማያወጣ፣ በዓል የማያከብር፣ ሚስቱን የማያዝዝ ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው? ልጆቹንስ ምን አድርጎ ሊያሳድጋቸው ነው? በሌላ አገር ተነጥለው በሚኖሩ ማኅበሮች ላይ የሚነሣው የመጀመሪያ ጥያቄም ይኸው ነው። በአውራ አምባ ላይ የወረደው ክስ የሃይማኖትና የፖለቲካ ነበር እንጂ በልጆች ላይ የተፈጸመ በደል አልነበረም። ቢሆንም ወሬው የሄደበትን መንገድ ማየት ይጠቅማል። ሐሜት ከአጥር ወደ ገበያ፣ ከገበያ ወደ ቀበሌ፣ ከቀበሌ ወደ ካድሬ ጆሮ ደረሰ፤ በመካከል ገብቶ ማስረጃ የጠየቀ አልነበረም። ስደተኞቹ መንግሥት ከተለወጠ በኋላ በ1985 ዓ.ም. ከቦንጋ ሲመለሱ መሬታቸውን ሌሎች ይዘውት ጠበቃቸው። የቀረላቸው 17.5 ሄክታር ብቻ ነበር። ለእርሻ ስላልበቃ ኑሯቸውን በሽመና ላይ አደረጉ። ዛሬ በመንደሩ 500 ያህል ሰው ይኖራል፤ መዋዕለ ሕፃናትና ቤተ መጻሕፍት አለው፤ እንግዳም ከመላው ዓለም ይቀበላል።

ጥርጣሬ ሁሉ ሐሰት ቢሆን ነገሩ በቀለለ ነበር። አይደለም። ከከፋ በስተደቡብ ድንበር ተሻግሮ የሚገኘው የኬንያ ታሪክ ሌላውን ፊት ያሳያል።

ፖል ንቴንጌ ማኬንዚ ሰባኪ ከመሆኑ በፊት የታክሲ ሹፌር ነበር። በባሕር ዳርቻዋ ከተማ በማሊንዲ «ጉድ ኒውስ ኢንተርናሽናል» የተባለ ቤተ ክርስቲያን አቋቋመ። ዘመናዊ ትምህርት የሰይጣን ነው፣ ሐኪም ቤት መሄድ እምነት ማጣት ነው እያለ ያስተምር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 ልጆችን ከትምህርት ገበታ አስቀርቷል፣ በአክራሪ ትምህርት በክሏል ተብሎ ፍርድ ቤት ቢቀርብም በነጻ ወጣ። በ2019 ቤተ ክርስቲያኑን ዘግቶ ተከታዮቹን በኪሊፊ አውራጃ ወደሚገኘው የሻካሆላ ጫካ ወሰደ። እዚያ ጎረቤት የለም፣ አስተማሪ የለም፣ ክትባት የሚሰጥ ነርስ የለም።

በመጋቢት 2023 ሁለት ልጆች በረሃብ ሞተው መቀበራቸው ተሰማና ፖሊስ ማኬንዚን ያዘው። በ10,000 የኬንያ ሽልንግ ዋስ ተለቀቀ። እርሱ በዋስ ሳለ በጫካው ውስጥ ጾሙ አልቆመም ነበር። በሚያዝያ እንደገና ሲያዝና መቆፈር ሲጀመር አገሩ ሁሉ ደነገጠ። በዚያው ዓመት ከጉድጓዶቹ 429 አስከሬን ወጣ። የመንግሥት የአስከሬን መርማሪዎች አብዛኞቹ በረሃብ እንደሞቱ፣ ከመካከላቸው ግን ታንቀው ወይም ተደብድበው የሞቱ፣ ሕፃናትም ጭምር፣ እንዳሉበት አረጋገጡ። ከተረፉት የተሰሙ ምስክርነቶች እንዳስረዱት እንዲራቡ የተፈረደባቸው አስቀድመው ልጆቹ ነበሩ፤ ሴቶች ቀጥለው፣ ወንዶች በመጨረሻ። በየካቲት 2024 ማኬንዚና ሌሎች 29 ሰዎች 191 ልጆችን በመግደል ተከሰሱ።

የኬንያ ሴኔትና የሰብዓዊ መብት ኮሚሽን ነገሩን ሲመረምሩ ያገኙት ድንገተኛ አደጋ አልነበረም። ጥቆማ ነበር፣ የቀደመ ክስ ነበር፣ ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው የጠፉባቸው ቤተሰቦች እሮሮ ነበር። የአካባቢው የጸጥታ አካላት ሰምተው ዝም ብለዋል። የሻካሆላ መሪር እውነት ይኸ ነው፦ ቦታው ሩቅ ይሁን እንጂ ያልታወቀ አልነበረም።

ጎረቤቷ ኡጋንዳም ከዚህ በፊት ቀምሳዋለች። እ.ኤ.አ. መጋቢት 17 ቀን 2000 በካኑንጉ «የአምላክ ዐሥርቱ ትእዛዛት መመለሻ ንቅናቄ» የተባለው ቡድን ተከታዮች በተቆለፈ የጸሎት ቤት ውስጥ ተቃጠሉ፤ በኋላ በሌሎች የቡድኑ ቤቶችም የጅምላ መቃብር ተገኘ። የሟቾቹ ቁጥር ከ700 በላይ ነው፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ልጆች ነበሩ። እንዲህ ያለው ጉዳይ ኢትዮጵያንም ሳይነካ አላለፈም። በ2023 መጀመሪያ ላይ ከምሥራቅ ኡጋንዳ ሰሬሬ የተነሡ የአንድ ቡድን ተከታዮች በመሪዎቻቸው ትንቢት ወደ ኢትዮጵያ መጓዛቸውን የኡጋንዳ ባለሥልጣናት ተናግረዋል።

መንግሥት ዘግይቶ ሲደርስ ሞት ይቀድመዋል። ቸኩሎና ማስረጃ ሳይዝ ሲደርስስ?

እ.ኤ.አ. ሰኔ 22 ቀን 1984 ንጋት ላይ በአሜሪካ ቬርሞንት ግዛት አይላንድ ፖንድ በምትባል ትንሽ ከተማ ፖሊሶችና የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኞች በአንድ የሃይማኖት ማኅበር ቤቶች ላይ ዘመቱ። ማኅበሩ በኋላ «ዐሥራ ሁለቱ ነገዶች» በሚል ስም የታወቀው ሲሆን ልጆቹን በዘንግ ይገርፋል ተብሎ ነበር። 112 ልጆች ተወሰዱ። ዳኛው ፍራንክ ማሃዲ ግን በዚያው ቀን ወደ ቤታቸው መለሷቸው። መንግሥት ያቀረበው የማኅበሩን ጠባይ እንጂ ይህ ልጅ በዚህ ቀን እንዲህ ተደረገ የሚል ማስረጃ አልነበረም። ማኅበሩ ለብዙ ዓመት ያንን ቀን የነጻነቱ በዓል አድርጎ ሲያከብረው ኖረ።

ከ29 ዓመት በኋላ ይኸው ማኅበር በጀርመን ባቫሪያ እንደገና ተመረመረ። በዚህ ጊዜ አንድ ጋዜጠኛ ወደ ማኅበሩ ገብቶ በድብቅ ካሜራ ትልልቅ ሰዎች ሕፃናትን ምድር ቤት እያስገቡ በአርጩሜ ሲገርፉ ቀርጾ ነበር። እ.ኤ.አ. መስከረም 5 ቀን 2013 ፖሊስ 40 ልጆችን ወሰደ፤ ፍርድ ቤቶች የየቤተሰቡን ጉዳይ ለየብቻው አዩ። ወላጆቹ እስከ አውሮፓ የሰብዓዊ መብት ፍርድ ቤት ተከራከሩ፤ ፍርድ ቤቱም በመጋቢት 2018 መብታችሁ አልተጣሰም አላቸው። ማኅበሩ ያው ነው፣ ክሱ ያው ነው፣ ውጤቱ ግን ሌላ ሆነ። ለውጡን ያመጣው የምርመራው ጥራት ነው።

በቴክሳስም እ.ኤ.አ. በ2008 ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። ሐሰት ሆኖ በተገኘ የስልክ ጥሪ መነሻነት ከ400 በላይ ልጆች ከአንድ የሃይማኖት ቡድን ሰፈር ተወሰዱ፤ የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በዚያው ዓመት እንዲመለሱ አዘዘ። ሆኖም በዚያው ሰፈር የተገኙ ሰነዶች የመሪውን የዋረን ጄፍስን ወንጀል አጋለጡ። ዕድሜያቸው ያልደረሰ ሴቶች ልጆችን «አግብቶ» ደፍሯልና በ2011 የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደበት። በጅምላ የተጀመረው ዘመቻ ከሸፈ፤ በአንድ በአንድ የተሠራው ክስ ግን ያዘ።

በተዘጋ ስፍራ የሚኖር በደል ሁልጊዜ በሃይማኖት ስም ብቻ አይመጣም፤ በቸርነት ስምም ይመጣል። በቺሊ ፓራል አጠገብ እ.ኤ.አ. በ1961 የተቋቋመው የጀርመኖች ሰፈር፣ ኮሎኒያ ዲግኒዳድ፣ ለአካባቢው ድሆች ነጻ ሆስፒታልና ትምህርት ቤት ነበረው። በዚህ የተነሣ መሪውን ፓውል ሼፈርን ለዐሥርተ ዓመታት የሚነካው አልነበረም። ልጆች ከወላጆቻቸው ተለይተው ያድጉ ነበር፤ እርሱም ወንዶች ልጆችን ይደፍር ነበር። በ2005 በአርጀንቲና ተይዞ፣ በ2006 የ20 ዓመት እስራት ተፈረደበት።

የእኛም አገር እንዲህ ያለ ጠባሳ አላት። በደቡብ ወሎ ጃሪ ከ1977ቱ ረሃብ በኋላ ወላጅ ላጡ ልጆች መንደር ተመሥርቶ ነበር፤ ያስተዳድረው የነበረው የስዊዘርላንዱ ቴር ዴ ዞም ሎዛን ነው። የመንደሩ ኃላፊ የነበረ አንድ ብሪታንያዊ በአደራ በተሰጡት ወንዶች ልጆች ላይ በፈጸመው ወሲባዊ ጥቃት በኢትዮጵያ ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ተብሎ እ.ኤ.አ. በ2003 ተፈረደበት። ወደ ጃሪ የመጡት ልጆች ረሃቡ ዘመድ ያሳጣቸው ነበሩ። ለማን ይናገሩ? የሚያበላቸውም፣ የሚያስተምራቸውም፣ የሚያስፈራራቸውም ያው ኃላፊ ነበር። የጃሪ ጉዳይ ከውጭ አገር ታሪኮች ሁሉ በላይ ሊነገር የሚገባው ነው ብሎ ይህ ጸሐፊ ያምናል፤ የተፈጸመው በጫካ ተደብቆ ሳይሆን የረድኤት ሰሌዳ ተሰቅሎበት ነውና።

ሕጉን ካየን ኢትዮጵያ ባዶ እጇን አይደለችም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 27 የእምነት ነጻነትንና ወላጆች ልጆቻቸውን በእምነታቸው የማሳደግ መብታቸውን ይጠብቃል። አንቀጽ 36 ደግሞ ለልጁ ለራሱ መብት ይሰጣል፤ በትምህርት ቤትና በማሳደጊያ አካላዊ ቅጣት እንዳይደርስበትም ይደነግጋል። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 576 ሕፃናትን ማንገላታትን ያስቀጣል። የጎደለው ልጁን ማየት ነው። በአውስትራሊያ «ዘ ፋሚሊ» የተባለው ቡድን መሪ አን ሃሚልተን በርን የሌሎችን ልጆች የራሷ አስመስላ በሐሰት ልደት አስመዝግባ ለዓመታት በአንድ ሐይቅ ዳር ቤት ደብቃቸው ነበር፤ ፖሊስ ያወጣቸው እ.ኤ.አ. በ1987 ነው። እዚያ ወረቀቱ ሐሰት ነበር፤ እዚህ ብዙ ጊዜ ወረቀቱ ራሱ የለም። እ.ኤ.አ. የ2016ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ5 ዓመት በታች ካሉ ኢትዮጵያውያን ልጆች ልደታቸው በመንግሥት የተመዘገበው 3 በመቶ ብቻ መሆኑን አሳይቷል። ምዝገባው በአገር ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። ያልተመዘገበ ልጅ ሲጠፋ መጥፋቱን የሚያሳይ መዝገብ አይኖርም።

ወደ ከፋ እንመለስ። ቦንጋ ዛሬ የዞኑ ዋና ከተማ ብቻ ሳትሆን በ2014 ዓ.ም. የተመሠረተው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ከመቀመጫ ከተሞቹ አንዷ ናት። ዞኑ ሰፊ ነው፣ ደኑም ጥቅጥቅ ያለ፤ በክረምት መንገድ የሚቆረጥባቸው ቀበሌዎች አሉት። እንዲህ ባለ አገር በየቤቱ ዘልቃ ልጅን በዐይኗ የምታይ የመንግሥት ሠራተኛ ከሁሉ በፊት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ናት። ቀጥሎ መምህሩ አለ። የሻካሆላ ጫካ ያጣው እነዚህን ሁለቱን ነው።

ከፋ የወሬንም ጉዳት ያውቃል። የማንጆ ማኅበረሰብ አባላት በአደንና በከሰል ንግድ ስለኖሩ፣ ይበላሉ በተባለውም ነገር ስለተናቁ፣ ለብዙ ዘመን ከሌላው ጋር በአንድ ማዕድ እንዳይቀመጡ ተደርገው ኖረዋል፤ ልጆቻቸውም በትምህርት ቤት ሳይቀር መገለል ደርሶባቸዋል። ቅሬታው እ.ኤ.አ. በ2002 ደም ወዳፋሰሰ ግጭት አመራ። ስለዚህ ወንጀልን ለማወቅ «እነ እገሌ ከሰው የተለዩ ናቸው» የሚል ጥቆማ አይበቃም። መርማሪ የሚጠይቀው ሌላ ነው፦ ልጁ ትምህርት ቤት ይሄዳል? ሲታመም ጤና ጣቢያ ይወሰዳል? አያቱ ሊጠይቁት ቢመጡ ያገኙታል? ወጥቶ ለመሄድ የሚፈልግ አዋቂ ልጁን ይዞ መውጣት ይችላል? የአውራ አምባ በር በእነዚህ ጥያቄዎች ሲንኳኳ ይከፈታል፤ የሻካሆላ ግን ዝግ ነበር።

በጊምቦም ሆነ በዴቻ፣ በጨናም ሆነ በጌሻ የምታስተምሩ መምህራን፣ በየቤቱ የምትዞሩ የጤና ባለሙያዎች፦ ከክፍል የቀረውን ልጅ በስሙ ጠይቁ፣ ያላያችሁትን ቀኑን ጻፉ፣ መልስ ካጣችሁ ለፖሊስና ለወረዳው የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ሳትውሉ ሳታድሩ አሳውቁ። ስለ ወላጆቹ እምነት የሰማችሁትን ሳይሆን ስለ ልጁ ያያችሁትን ንገሩ።