ጎማው ላይ ያለው “11” የማን 11 ነው?

በእኛ ቤት መኪናውን የሚነዳው ባለቤቴ ነው፤ ገቢና ወጪውን የምይዘው ግን እኔ ነኝ። ጎማ ሲያልቅም ጥያቄው መጀመሪያ የሚመጣው ወደ እኔ ነው። በ2012 መግቢያ ላይ የመጣው ጥያቄ ከበድ ያለ ነበር፤ አራት የፒክአፕ ጎማ፣ ሁለት የተሳቢ ጎማና አንድ ስኮርታ፣ በድምሩ ሰባት። ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ መግዛት በሬ ያሸጣል። “ከመጠምጠም መማር ይቅደም” ይባል የለ? እኔም ገንዘቡን ከማውጣቴ በፊት ስለ ጎማ ለመማር ወሰንኩ። ለሃያ ዓመት የጭነት መኪና የነዳው ታላቅ ወንድሜ አስተማሪዬ ሆነ። የተማርኩትን የምጽፍላችሁ፣ የጎማ ነገር የሹፌርና የጎሚስታ ጉዳይ ብቻ ተደርጎ ሲታይ ስለማይ ነው። ልጆቻችንና የልጅ ልጆቻችን የሚሳፈሩበት መኪና ጎማ የመላው ቤተሰብ ጉዳይ ነው።

የምንኖረው ደቡብ ጎንደር፣ እስቴ ወረዳ፣ መካነ ኢየሱስ ከተማ ነው። መኪናችን ላንድክሩዘር ፒክአፕ ሲሆን ከኋላው ባለ ሁለት ጎማ ተሳቢ ይጎትታል። ተሳቢው ላይ የተጫነው የእህል መውቂያ ማሽን ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ማሽኑ ከአውድማ አውድማ እየተዘዋወረ ስንዴና ገብስ ይወቃል፤ የዓመቱ ገቢያችን የሚሰበሰበውም በእነዚህ ወራት ነው። በቀረው ጊዜ መኪናው ድንች፣ ማዳበሪያና ዘመድ ያመላልሳል። ልጆቻችንንም ደብረ ታቦር የሚያደርሳቸው እሱ ነው። መንገዳችን ጠጠር አለው፤ ክረምት ላይ ጭቃ አለው፤ ዳገትና ቁልቁለቱም አያልቅም። በሰሜን ምሥራቅ ከ4,000 ሜትር በላይ የሚቆመው ጉና አለ፤ በደቡብ ደግሞ መሬቱ ወደ ዓባይ ሸለቆ ይወርዳል።

በዚህ አገር ከባድ ነገር መጎተት የመጣው ከመኪና ጋር አይደለም። አፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ያሠሩት ሴባስቶፖል መድፍ ወደ 7 ቶን ይመዝን ነበር። በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ተነሥቶ፣ መንገድ እየተጠረገለት፣ በሰው ጉልበት እየተጎተተ መቅደላ ለመድረስ ግማሽ ዓመት ገደማ ፈጅቶበታል። ዛሬ እኛ የምንጎትተው ጭነት ከዚያ ጋር ሲወዳደር ትንሽ ነው፤ ፍጥነታችን ግን የትየለሌ ነው። ያንን ክብደት በዚህ ፍጥነት ተሸክሞ መሬቱን የሚነካው ጎማ ብቻ ነው። እያንዳንዱ ጎማ መሬት የሚነካበት ቦታ ደግሞ ከሰው መዳፍ ብዙም አይበልጥም።

መጀመሪያ ሚዛን

ወንድሜ በመጀመሪያ የጠየቀኝ፣ “የኋላ እግሩ ስንት ኪሎ ይሸከማል?” ብሎ ነው። መልሱን የሚያውቅ በቤታችን አልነበረም። ስለዚህ ማሽኑን ከነተሳቢው አያይዘን፣ ነዳጁንና ዕቃውን እንደ ሥራ ቀን ጭነን፣ አንድ የእህል መጋዘን ባለው የመኪና ሚዛን ላይ አወጣነው። ተሳቢው ብቻውን 1,500 ኪሎ ሆነ። የፒክአፑ የኋላ እግር ደግሞ 1,900 ኪሎ መዘነ። ለሁለት ሲካፈል እያንዳንዱ የኋላ ጎማ 950 ኪሎ ይሸከማል ማለት ነው።

ተሳቢ የራሱ ጎማ ስላለው መኪናው ላይ ክብደት አይጨምርም ብሎ የሚያስብ ሰው ብዙ ነው። ነገሩ እንዲያ አይደለም። በአግባቡ የተጫነ ባለ ሁለት ጎማ ተሳቢ ከክብደቱ አንድ አሥረኛ ያህሉን በመንጠቆው ላይ ያሳርፋል። የእኛው 1,500 ኪሎ ከሆነ 150 ኪሎው የሚያርፈው ፒክአፑ ጭራ ላይ ነው። ጭነቱ ወደ ተሳቢው ኋላ ከበዛ ደግሞ መንጠቆው ወደ ላይ ይነሣል፤ ያን ጊዜ ተሳቢው እንደ እባብ መወዛወዝ ይጀምራል። ስለዚህ ከበድ ያለው ዕቃ ከተሳቢው እግር ትንሽ ወደ ፊት ይጫናል።

ክብደቱ ከታወቀ በኋላ የጎማውን ጎን ማንበብ ነው። የእኛው “7.50 አር 16” ይላል። 7.50 የጎማው ስፋት በኢንች ነው፤ 16 ጎማው የሚገባበት ቸርኬ ቁመት ነው፤ “አር” ራዲያል መሆኑን ይናገራል። ከዚህ ቀጥሎ ያለችው ቁጥር ግን ብዙ ሰው የማያያት ናት። እሷም ጎማው የሚሸከመውን ክብደት ትናገራለች። ቁጥሯ በቀጥታ ኪሎ አይደለችም፤ ትርጉም አላት። 102 ማለት 850 ኪሎ ነው። 108 ማለት 1,000 ኪሎ፣ 112 ማለት 1,120 ኪሎ፣ 116 ማለት 1,250 ኪሎ፣ 121 ማለት 1,450 ኪሎ ነው። “121/120” ተብሎ በሁለት ከተጻፈ፣ የመጀመሪያው ጎማው ብቻውን ሲገጠም፣ ሁለተኛው እንደ አይሱዙ የኋላ እግር ጥንድ ሆኖ ሲገጠም የሚሸከመው ነው።

እንግዲህ የእኛን ስሌት ተመልከቱ። 950 ኪሎ ለሚያርፍበት እግር 102 የሚል ጎማ ቢገጠም ገና ከቤት ሳይወጣ ከአቅሙ በላይ ተጭኗል። 108 የሚለው ይችለዋል፤ ነገር ግን ጉድጓድ ሲገባና ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲያዝ የሚተርፈው አቅም ጥቂት ነው። 121 ግን ሰፊ ትርፍ አለው። እኛም የመረጥነው ይህንኑ ነው። ርካሹን ጎማ ርካሽ የሚያደርገው አንዳንዴ ይህች ቁጥር ናት፤ ስለዚህ ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት እሷን ጠይቁ።

አራቱ ቁጥሮች

ለግዥው ባሕር ዳር ወረድን። አንድ ሱቅ ውስጥ መጠኑም የመሸከም አቅሙም ልክ የሆነ፣ ጥቁር ብሎ የሚያብረቀርቅ ጎማ ቀረበልን። ዋጋውም ከሌሎቹ ዝቅ ያለ ነበር። ጎኑ ላይ ያለውን ቁጥር ስፈልግ ያየኝ ሻጭ ራሱ በጣቱ አሳየኝ፤ “1011” ይላል።

“እናቴ፣ የ11 ጎማ እኮ ነው። የአምና ነው፤ ገና መምጣቱ ነው” አለኝ።

“ልጄ፣ ይኼ 11 የእኛ 11 አይደለም፤ የፈረንጅ ነው” አልኩት።

ሊያታልለኝ የፈለገ አልመሰለኝም፤ ራሱም ያመነበት ይመስል ነበር። አራቱ ቁጥሮች የሚነበቡት ሁለት ሁለት ሆነው ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ጎማው የተሠራበትን ሳምንት፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመቱን ይናገራሉ፤ ዓመቱም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። “1011” ማለት የ2011 ዓመተ ምሕረታቸው 10ኛ ሳምንት ነው። በእኛ ሲመለስ የካቲት 2003 ሊያልቅ ሲል፣ መጋቢት ሊገባ ሲል ማለት ነው። የአምና የተባለው ጎማ ስምንት ዓመት ተኩል አልፎታል። ሻጩ ዋጋውን ዝቅ ሊያደርግልን ቢሞክርም አመስግነን ወጣን።

ስሌቱ ቀላል ነው። የሳምንቱ ቁጥር ከ01 እስከ 36 ከሆነ ከዓመቱ ላይ 8 ቀንሱ። ከ37 ጀምሮ ከሆነ የእኛ አዲስ ዓመት ገብቷልና 7 ቀንሱ። ቁጥሩ ብዙውን ጊዜ በጎማው አንድ ጎን ብቻ ስለሚጻፍ፣ ከውጭ በኩል ካጣችሁት በሌላው ጎን ፈልጉት። አራት ሳይሆን ሦስት ቁጥር ብቻ ካገኛችሁ ጎማው አውሮፓውያኑ 2000 ከመግባቱ በፊት የተሠራ ነው፤ ለስጦታም ቢሆን አትቀበሉት።

“ሳይነዳ የቆየ ጎማ ምን ይሆናል?” ትሉ ይሆናል። ጎማ እየሠራም ተቀምጦም ያረጃል። ፀሐይ፣ ሙቀትና አየር ላስቲኩን ያደርቁታል፤ ጎኑ ላይ ቀጫጭን ስንጥቆች ይወጣሉ፤ ውስጥ ያሉት የሽቦና የክር ንጣፎች አንዳቸው ከሌላው መላቀቅ ይጀምራሉ። እንደ ሚሽሊን ያሉ አምራቾች አምስት ዓመት ያለፈው ጎማ በየዓመቱ በባለሙያ እንዲታይ፣ አሥር ዓመት የሞላው ደግሞ ጥርሱ ባያልቅም እንዲቀየር ይመክራሉ። እኛ ከባድ ለሚጎትት መኪና ይህን ያህል አንጠብቅም።

በዚህ በኩል ከሁሉ የሚያሳስበው የተሳቢ ጎማ ነው። የእኛ ዓይነቱ ተሳቢ በዓመት ሦስት ወር ይሠራል፤ ዘጠኝ ወር ፀሐይና ዝናብ ላይ ይቆማል። ጥርሱ ስለማያልቅ ሁልጊዜ አዲስ ይመስላል። አምና አንድ ጎረቤታችን ቁልቁለት ሲወርድ የተሳቢው ግራ ጎማ ፈነዳ። ተሳቢው ተገለበጠ፤ ሰው ስላልነበረበት ጉዳቱ ከማሽኑ አላለፈም። ነገር ግን ማሽኑ ተጠግኖ እስኪመለስ የመውቂያው ወቅት አለፈ። የተቀደደው ጎማ ጥርስ ገና ጥልቅ ነበር፤ ዕድሜው ግን አሥራ አንድ ዓመት። ያ ቤተሰብ ያጣው የአንድ ጎማ ዋጋ ሳይሆን የአንድ ዓመት ገቢ ነው።

አዲስ አበባ ያለው ፋብሪካ፣ ብዙዎቻችን አዲስ ጎማ፣ ኋላም ማታዶር እያልን የምናውቀውና ዛሬ ሆራይዘን የሚባለው፣ የሚያመርተውም ሆነ ከባሕር ማዶ የሚመጣው ጎማ የሚመዘነው በዚሁ ነው። ከስሙ በፊት አራቱን ቁጥሮች አንብቡ።

ጥርስ፣ ቦታና ነፋስ

የጥርሱ ዓይነት የሚመረጠው በመንገዱ ነው። ለአስፋልት የተሠራው ጥርሱ ደቃቅ ስለሆነ ጭቃ ላይ ይንሸራተታል። ለጭቃ የተሠራው ጥርሱ ትልልቅ ነው፤ ከጭቃ ያወጣል፣ አስፋልት ላይ ግን ይጮኻል፣ ቶሎም ያልቃል። እንደ እኛ ጠጠር፣ አስፋልትና ጭቃ ለሚፈራረቅበት በሁለቱ መካከል ያለው ይሻላል። ጥርሱ ማለቁን ለማወቅ በጥርሶቹ መካከል ያሉትን ጉብ ጉብ ያሉ ምልክቶች ፈልጉ፤ ቁመታቸው 1.6 ሚሊ ሜትር ነው። ጥርሱ ከእነሱ ጋር ከተስተካከለ ጎማው ጨርሷል። በጭቃና በዝናብ ለሚጎትት መኪና ግን 4 ሚሊ ሜትር ሲቀረው መተካት ይበጃል።

ገንዘቡ ለሁለት ጎማ ብቻ ከበቃ፣ አዲሶቹ የሚገጠሙት ከኋላ ነው። ብዙ ሰው መሪው ያለው ከፊት ነው በሚል ከፊት ያስገጥማል። የፊቱ ሲንሸራተት ሹፌሩ መሪው ላይ ይሰማዋል፤ የኋላው ሲንሸራተት፣ ያውም ተሳቢ እየገፋው፣ መኪናውን መመለስ አስቸጋሪ ነው። በአንድ እግር ላይ ያሉት ሁለቱ ጎማዎች መጠናቸውም ዓይነታቸውም አንድ ይሁን። የውስጥ ጎማ ያለው ከሆነ አዲስ ጎማ ውስጥ አሮጌውን አታስገቡ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚቀረው ነፋስ ነው። 1,450 ኪሎ የሚችለው ጎማ ይህን የሚችለው በሚገባው ነፋስ ሲሞላ ብቻ ነው። ነፋሱ የጎደለ ጎማ ጎኑ እየታጠፈ ይግላል፤ የጋለ ጎማ ደግሞ ይፈነዳል። ልኩ ብዙውን ጊዜ የሹፌሩ በር ሲከፈት ምሰሶው ላይ ተለጥፎ ይገኛል፤ ለባዶና ለተጫነ መኪና ይለያያል። የሚለካው ጠዋት፣ መኪናው ሳይንቀሳቀስ ነው። ረጅም መንገድ ከተሄደ በኋላ ነፋሱ ጨምሮ ቢገኝ ከሙቀቱ ነውና አታስተንፍሱት፤ ሲቀዘቅዝ ይጎድላል። ለቦሎ በዓመት አንድ ጊዜ መታየቱ ግዴታችን ነው፤ ነፋሱ ግን የየሳምንቱ ሥራ ነው። ስኮርታውንም አትርሱ፤ እሱም ቁጥር አለው፣ እሱም ያረጃል።

አንድ ነገር ለወላጆች ልጨምር። ጎማው የፈለገውን ያህል አዲስ ይሁን፣ ልጅ ተሳቢ ላይ አይሳፈርም። ለቅርብ መንገድም ቢሆን፣ ቢያለቅስም አይሳፈርም።

እኛ መጨረሻ ላይ የገዛነው ዕድሜው ዓመት ያልሞላውን ጎማ ነው። ሰባቱን በአንድ ጊዜ አልቻልንም። መጀመሪያ ሁለቱን የተሳቢ፣ ቀጥሎ ሁለቱን የኋላ ገዛን፤ የፊቶቹንና ስኮርታውን ከመውቂያው ገቢ ለየካቲት ቀጠርናቸው። እስከዚያው የፊቶቹ አራት ዓመታቸው ነው፤ ጥርስም አላቸው። ሁሉንም በአንድ ቀን መግዛት ያልቻለ ቤተሰብ በየትኛው መጀመር እንዳለበት ካወቀ ይበቃዋል።

አያቶች ሆይ፣ መነጽር ሳያስፈልጋቸው ደቃቅ ጽሕፈት የሚያነቡ የልጅ ልጆች አሏችሁ። በመጪው እሑድ አንዱን ጥሩና መኪናውንና ተሳቢውን አብራችሁ ዙሩ። እሱ አራቱን ቁጥሮች ያንብብ፣ እናንተ ስምንትም ሰባትም ቀንሱ፣ የተገኘውን በደብተር ጻፉ። መኪና የሌላችሁም ብትሆኑ ልጆቻችሁን በኮንትራት የሚያመላልሰውን መኪና እንዲሁ ዙሩት። ሹፌሩ ቢገረም ግድ የለም፤ ምክንያቱን ንገሩት።