ፈርስ ውስጥ ያሉት ቆጣቢዎች

ጫግኒ ለበዓል ቅርጫ ሲታረድ የሰው ሁሉ ዓይን ሥጋው ላይ ነው፤ የእኔ ዓይን ፈርሱ ላይ ያርፋል። ጨጓራው ሲቀደድ እየተነነ የሚወጣው አረንጓዴ ነገር ወደ ጉድጓድ ይጣላል። ሆኖም አንዷ ጠብታ ብቻ ብዙ ሚሊዮን ባክቴሪያ ይዛለች።

የሣርና የገለባ ዋና አካል ሴሉሎስ ነው፤ እሱም የግሉኮስ ሰንሰለት ነው። ሰንሰለቱን የሚበጥስ ኢንዛይም ላሟ የላትም። ሥራው የባክቴሪያዎቹ የነፋይብሮባክተርና የነሩሚኖኮከስ ነው።

ብዙ ሰው፣ የተማረውም ጭምር፣ ባክቴሪያው ሴሉሎሱን ደጅ ላይ እስከ ግሉኮስ ከታትፎ አንድ በአንድ የሚለቅም ይመስለዋል። እንዲህ አይደለም። ጭዱ ላይ ተጣብቆ ሰንሰለቱን ይቆራርጣል እንጂ አያደቅቀውም። ሁለት ግሉኮስ የተያያዘበትን ሴሎባዮስን፣ አንዳንዴም ረዘም ያለውን ቁራጭ፣ እንዳለ ያስገባል። ሙቀት ወዳዱ ክሎስትሪዲየም ቴርሞሴለም ላይ እንደታየው፣ የባክቴሪያው በር የሚያስከፍለው በመግቢያ እንጂ በጭነት ልክ አይደለም። ኬላ ላይ ለአህያ ብቻ ቢቀረጥ፣ ነጋዴ አህያውን ግማሽ ጭኖ ይሄዳል?

ትልቁ ቁጠባ ግን ውስጥ ነው። ሁለቱን ግሉኮስ ያያያዘው ማሰሪያ በውሃ ቢፈታ ጉልበቱ ሙቀት ሆኖ ይባክናል። ባክቴሪያው የሚፈታው በፎስፌት ነው፤ ያን ጊዜ አንደኛው ግሉኮስ ፎስፌቱን ተሸክሞ ይወጣል። ሌላው ግሉኮስ ፎስፌት ለማግኘት የሕዋስን የጉልበት ገንዘብ፣ ኤቲፒን፣ ይከፍላል፤ ይኸኛው በነፃ አገኘ። ይህ በሩሚኖኮከስ ላይ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ነው። አየር በሌለበት ጨጓራ ከአንድ ግሉኮስ የሚገኘው ኤቲፒ ጥቂት ነውና አንዷ መትረፏ ትልቅ ነገር ናት። ባክቴሪያው የሚጥለው አሲድ ደግሞ ለላሟ ዋና የጉልበት ምንጭ ነው።

አንዲት ጎረቤቴ ለአጥቢ ላሟ የተረፈ ሊጥ በገንዳ ሰጥታት አየሁ። «እማማ፣ ላሟን ሳይሆን ጨጓራዋን ነው የምትቀልቢው» አልኳት። ሊጥና እህል በአንድ ጊዜ ሲበዛ ፈርሱ ይኮመጥጣል፤ ጭድ ፈቺዎቹ ሥራ ያቆማሉ፤ ላሟም ማመስኳት ትተዋለች። እህል መጨመር ካስፈለገ ቀስ በቀስ ይሁን። የዳጉሳ ገለባ ብቻ ለምትበላ ላም ደግሞ የኑግ ፋጉሎ ጣል ይደረግላት፤ ገለባ ናይትሮጅን የለውም ማለት ይቻላል፣ እነዚያ ቆጣቢዎችም ያለ ናይትሮጅን አይበዙም። ማታ ተኝታ ስታመሰኳ ካያችኋት፣ ቆጣቢዎቹ በልተዋል ማለት ነው።