ለዕቃ ደርዳሪነት የሚቀርብ ሰው ምን ይጠብቀዋል?

በሱቅ ውስጥ ያልተሸጠ ሸቀጥ ሁሉ የታሰረ ገንዘብ ነው። ገዢው በዓይኑ ያላየውን በእጁ አያነሣውም፤ ስለዚህ ዕቃን በመደርደሪያና በመስተዋት አሳምሮ ማሳየት ራሱን የቻለ ሙያ ነው። የወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ መቀመጫ በሆነችው በጉብሬ ለዚህ ሥራ ለቃል ፈተና የሚቀርብ ወጣት፣ ከአንደበቱ ይልቅ በእጁ እንደሚመዘን አስቀድሞ ይወቅ።

አስተዋይ ባለ መደብር በመጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ገዢው ነው። «ተማሪዎች በሚገቡበት ሰሞን ከፊት ምን ታኖራለህ?» ቢለው፣ ብርድ ልብስ፣ ደብተርና ሳሙና ባንድነት፣ ዋጋቸው በግልጽ ተጽፎ ብሎ ይመልስ። «ለመስቀልስ?» ቢለው፣ ከአዲስ አበባ ወደ ትውልድ ቀዬው የሚመለሰው ጉራጌ ለቤተ ዘመዱ የሚገዛውን ልብስና ለክትፎ የሚሆነውን ጣባ ያስብ።

ቀጥሎ ባዶ መደርደሪያ ይሰጠው ይሆናል። ከባዱን ዕቃ ከታች፣ ፈላጊው የበዛውን በዓይን ልክ፣ ቀድሞ የገባውን ከፊት ያድርግ፤ ፀሐይ ቀለሙን የሚያጠፋውን ጨርቅ በመስተዋቱ ውስጥ አያሰንብት። ምክንያቱንም ሲጠየቅ ባጭሩ ያስረዳ።

በመጨረሻ ስለ ደመወዝና ስለ ሙከራ ጊዜ መነጋገር ነውር አይደለም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ውል በጽሑፍ ይደረጋል፤ ጊዜውም ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም። ክቡራን ባለ መደብሮችም ፈተናውን የነጻ ጉልበት ማግኛ እንዳያደርጉት እናሳስባለን፤ አንድ መደርደሪያ ለመመዘን ይበቃል፣ ሱቁን በሙሉ ማስደርደር ግን ደመወዝ የሚከፈልበት ሥራ ነው።