በበለሱ ላይ ያለው ነጭ ጥጥ ምንድን ነው?



እሬት በጣሳ፣ በለስ በተቆረጠ ጀሪካን ተክሎ በዶርም መስኮት ላይ ማስቀመጥ እየተለመደ ነው። ውሃ አዘል ስለሆኑ ለሳምንታት ብንረሳቸውም አይደርቁም። ለዒድ ወደ ላሊበላና ወደ ላስታ ገጠሮች የምንሄድ ልጆችም ለአጥር የሚተከል አንድ ሁለት የበለስ ቅጠል ይዘን እንገባለን። ከመያዛችን በፊት ግን አንድ ነገር እንይ፦ ቅጠሉ ላይ ጥጥ የመሰለ ነጭ ነገር አለ ወይ?

ካለ በስንጥር አንሥታችሁ ነጭ ወረቀት ላይ ጨፍልቁት። እንደ ደም የቀላ ፈሳሽ ከወጣው ኮቺኒል የሚባለው ተባይ ነው።

ኮቺኒል እንደ በለስ ሁሉ የመጣው ከአሜሪካ አህጉር ነው። በፔሩና በሜክሲኮ ለቀይ ቀለሙ ሲባል ያረቡታል። ከእርሱ የሚሠራው ቀለም በምግብ ማሸጊያ ላይ «ኢ 120» ተብሎ የሚጻፈው ነው። (በሐላልነቱ ላይ ዑለማዎች የተለያየ አቋም ስላላቸው፣ ጥያቄ ያለው የሚያምናቸውን ዓሊም ይጠይቅ።) ወደ ትግራይም በ1990ዎቹ ዓ.ም. የገባው ለዚሁ ቀለም ነበር። በራያ አካባቢ ግን ከቁጥጥር ወጥቶ በለሱን አደረቀው። በክረምት ፍሬውን የሚበላና የሚሸጥ፣ በበጋ ቅጠሉን ለከብቱ የሚሰጥ ገበሬ ሁለቱንም አጣ። ሴቷ ተባይ ክንፍ የላትም፤ የተፈለፈሉ ልጆቿን ግን ነፋስ፣ እንስሳና ሰው ያዛምቷቸዋል። በፌስታል የተያዘ አንድ ቅጠል የአንድን መንደር አጥር ለመበከል ይበቃል።

ስለዚህ ቀይ የወጣበትን ቅጠል ለማዳን አትድከሙ፤ አቃጥሉት ወይም በጥልቅ ቅበሩት። ሜዳ ላይም ወንዝ ውስጥም አትጣሉት። ቤት ስትደርሱ የቤተሰቡን በለስ ተዟዙራችሁ እዩ። ጥቂት ቅጠል ብቻ ተይዞ ከሆነ ቆርጣችሁ ቅበሩ፣ የቀረውን በሳሙና ውሃና በብሩሽ እሹት፣ ለቀበሌው የግብርና ባለሙያም ተናገሩ። እሬትንና ነጭ ወተት የሚያወጣውን የሀገራችንን ቁልቋል ኮቺኒል አይነካቸውም።

ቀይ ካልወጣስ? የሚከተሉትን ምልክቶች አስተያዩ፦

• በቅጠሎች መጋጠሚያ ላይ ነጭ ጥጥ፣ አጠገቡም የሚመላለስ ጉንዳን፦ ጥጥ መሳይ ተባይ ነው። ጉንዳኑ የሚመጣው ተባዩ የሚያወጣውን ጣፋጭ ፈሳሽ ፍለጋ ነው።

• በጥፍር ሲፋቅ የሚነሣ ቡናማ እብጠት፦ ቅርፊት ለባሽ ተባይ ነው።

• በደረቁ ወራት ስስ ድርና ዝገት የመሰለ ነጠብጣብ፦ ቀይ ሸረሪት ነው።

• ግንዱ ከሥሩ ለስልሶ ሲሸት፦ ተባይ ሳይሆን ውሃ በዝቶበት ነው። ማጠጣቱን አቁሙ፤ ያልበሰበሰውን ክፍል ቆርጣችሁ፣ ቁስሉን አድርቃችሁ በደረቅ አፈር እንደገና ትከሉ።

ሕክምናው ቀላል ነው፤ የሚጠይቀው ትዕግሥት ነው። መጀመሪያ የታመመውን ከሌሎቹ ለዩ። ተባዩን በእርጥብ ጨርቅ ወይም በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ አንሡ። ከዚያ በ1 ሊትር ውሃ 1 የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጣችሁ አንድ ቅጠል ላይ ሞክሩ። በማግሥቱ ካልጎዳው ፀሐይ ስትበርድ ሁሉንም እጠቡ። እንቁላሉ በኋላ ስለሚፈለፈል በየ7 ቀኑ ቢያንስ 3 ጊዜ ድገሙት። ብዙዎቻችን የምንሳሳተው አንድ ጊዜ አጥበን ስንተው ነው። ተባዩ ሥሩ ላይ ከተገኘ ተክሉን ንቀሉት፣ ሥሩን እጠቡ፣ ጥቂት ቀን በጥላ አድርቁትና በአዲስ አፈር ትከሉት። ቁልቋል ስታጸዱ ወተቱ ዓይናችሁን እንዳይነካ ተጠንቀቁ።

እንግዲህ ለዘንድሮው ዒድ ሻንጣ ስናዘጋጅ ስንጥርና ነጭ ወረቀት አንርሳ። የአንድ ደቂቃ ፍተሻ የቤተሰቦቻችንን በለስ ያተርፋል፣ ኢንሻአላህ።