«ሁለት ሺህ ዋት» የሚለው ካርቶን

የመጀመሪያ መኪናውን የገዛ ወጣት ብዙ ጊዜ ከጎማው በፊት የሚቀይረው ቴፑን ነው። ወጪው ደግሞ ከአባት ኪስ ወይም ከእናት መቀነት ሲወጣ አይተናል። እናም ልጅዎ ከሶማሌ ተራ «ሁለት ሺህ ዋት» የሚል አምፕሊፋየር ይዞ ከመጣ፣ ካርቶኑን አገላብጦ ማየት የእርስዎም ጉዳይ ነው።

«የአሜሪካ ይሻላል ወይስ ርካሹ?» የሚለው ክርክር አሜሪካኖቹም ዘንድ ያለ ነው። የመኪና ሬዲዮን በሰፊው ካስለመዱት አንዱ ፖል ጋልቪን ነው፤ በ1930 እ.ኤ.አ. ቺካጎ ላይ «ሞቶሮላ» ብሎ ለገበያ አወጣው። አሪዞና የሚገኘው ሮክፎርድ ፎስጌት ደግሞ ከአምፕሊፋየሮቹ ጋር «የልደት ሰርተፊኬት» የሚባል ወረቀት በማያያዝ ታውቋል፤ ዕቃው ሲፈተሽ በትክክል ስንት ዋት እንደሰጠ የሚናገር ወረቀት ነው። እንዲህ ያሉት አምራቾች የሚያማርሩት በዋጋው ብቻ አይደለም፤ ማንም ሳይለካው ካርቶን ላይ የሚጻፈው ቁጥርም ያንገበግባቸዋል። እዚህ ላይ እውነት አላቸው።

የአገሪቱ የኤሌክትሮኒክስ አምራቾች ማኅበር አንድ የመለኪያ ደንብ አውጥቷል፤ ቀድሞ ሲኢኤ 2006 ይባል ነበር፣ አሁን ሲቲኤ 2006 ይባላል። ኃይሉ በ14.4 ቮልት፣ በ4 ኦም፣ ድምፁ ከ1 በመቶ በላይ ሳይዛባ ይለካል። ግዴታ ግን አይደለም። «ማክስ» የሚል ቃል ከጎኑ ያለበት ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ደንብ ውጭ ነው።

ደንቡን ባያውቁም ፊውዙን ይዩ። አምፕሊፋየሩ ላይ የተሰካው ፊውዝ 30 አምፔር ከሆነ፣ 30ን በ14.4 ያባዙ፤ 432 ዋት ይመጣል። ይህ ያለማቋረጥ ሊገባበት የሚችለው ኃይል ነው፤ ከዚያም ላይ ከፊሉ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ታዲያ ሁለት ሺው ከየት መጣ? ሻጩን ይጠይቁት፣ መልሱ ያዝናናዎታል።

እኔን ከቁጥሩ ይልቅ የሚያሳስበኝ ገመዱ ነው። ከባትሪው ተነስቶ፣ በምንጣፉ ሥር አልፎ፣ ልጆች እግራቸውን ከሚያሳርፉበት በታች ወደ ኋላ ይሄዳል። ርካሹ ገመድ ብዙ ጊዜ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው። አሉሚኒየም ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙ ከመዳብ 60 በመቶ ያህል ስለሆነ፣ በተመሳሳይ ውፍረት ብዙ ጭነት ሲበዛበት ይግላል። ጫፉን በቢላ ፋቅ ያድርጉት፤ ውስጡ ነጭ ከሆነ አሉሚኒየም ነው። ብዙዎች አምፕሊፋየሩ ላይ ገንዘብ አውጥተው ገመዱ ላይ ይቆጥባሉ፤ ይህ የተገላቢጦሽ ነው።

ካርቶኑ ላይ ያለው ባንዲራ ብቻውን አያስተማምንም። ፍሎሪዳ ያለው ጄኤል ኦዲዮ አንዳንድ ስፒከሮቹን እዚያው ሲሠራ የቆየ ሲሆን፣ የብዙ አሜሪካዊ ስሞች ዕቃ ግን እስያ ነው የሚመረተው። የቻይና ፋብሪካም ጥሩ መዳብና በቂ ማቀዝቀዣ ካዘዙትና ከከፈሉት ጥሩ አድርጎ ይሠራል። ዋጋው እጅግ ሲወርድ የሚቀነሰውም ይኸው መዳቡ፣ ማቀዝቀዣውና ከቃጠሎ የሚከላከለው ክፍል ነው።

ዕቃው ከየትም ይምጣ፣ የሚገጥመውን ባለሙያ አንድ ነገር ይጠይቁ፦ ከባትሪው በ45 ሳንቲሜትር ርቀት ውስጥ ሌላ ፊውዝ አስገብቷል ወይ? አምፕሊፋየሩ ላይ ያለው ፊውዝ ይህን ረጅም ገመድ አይጠብቀውም። ገመዱ ተልጦ የመኪናውን ብረት ቢነካ፣ የሚያቋርጠው ባትሪው አጠገብ ያለው ነው። እሱ ካልገባ መኪናውን ከጋራዡ አይረከቡ።