«ይገጥማል» ስለሚለው ቃል፦ ከሃርድ ዲስክና ከማዘርቦርድ አንጻር

«ገጠመ» ሰፊ ግሥ ነው፤ ግጥምም፣ ግጥሚያም ከእርሱ ይወጣሉ። ይህ ስፋቱ በሙያ ጽሑፍ ላይ ጉዳት ሊያስከትል ይችላል። አዲስ ሃርድ ዲስክ ከአሮጌ ማዘርቦርድ ጋር የሚያያዝበት ሁኔታ ለዚህ አብነት ይሆናል፤ «ይገጥማል ወይ?» የሚለው ጥያቄ በውስጡ ሦስት ጽንሰ ሐሳቦችን ይዟልና።

ሀ. ይሰካል። የቀድሞው የፓታ መሰኪያ 40 ፒን ሲሆን የሳታ የመረጃ መሰኪያ ግን 7 መገናኛ ብቻ አለው። ስለዚህ በመካከላቸው አዳፕተር ይገባል።

ለ. ይግባባል። በፓታ ምልክቱ በብዙ ሽቦዎች ጎን ለጎን ይጓዛል፤ በሳታ ግን በተርታ ይተላለፋል። አዳፕተሩ ቅርጽን ብቻ ሳይሆን ምልክትንም ይለውጣል።

ሐ. ይደርሳል። አሮጌው ሥርዓት አድራሻን በ28 ቢት ስለሚጽፍ፣ እያንዳንዳቸው 512 ባይት የሆኑ 268,435,456 ክፍሎችን፣ ማለትም 137 ጊጋባይት ያህል ብቻ ይደርሳል። ወሰኑ ወደ 48 ቢት ያደገው በ2002 እ.ኤ.አ. በወጣው የኤቲኤ-6 ደረጃ ነው።

ባለ 500 ጊጋባይት ዲስክ ተሰክቶና ተግባብቶ ሳለ ሥርዓቱ እስከ መጨረሻው ላይደርስ ይችላል። ይባስ ብሎም ከወሰኑ ያለፈው ጽሑፍ ወደ ዲስኩ መጀመሪያ ተመልሶ በዚያ የነበረውን ሊደመስስ ይችላል። ተርጓሚው ሦስቱን በ«ይገጥማል» ቢጠቀልል፣ አንባቢው መመሪያውን አምኖ ሰነዱን ያጣል። ስለሆነም ለየጽንሰ ሐሳቡ የየራሱን ግሥ መመደብ ይገባል።