የረሳነው ሁሉ ጠፍቷልን?

በፈተና ሰዓት አልመጣ ያለን መልስ ከአዳራሹ እንደወጣን ትዝ ማለቱ ብዙዎቻችንን ያጋጠመን ጉዳይ ነው። መልሱ በአንጎላችን ባይኖር ኖሮ ከደቂቃዎች በኋላ ከየት ይመጣ ነበር? ይህ ገጠመኝ መማርና ማስታወስ ሁለት የተለያዩ ተግባራት ሊሆኑ እንደሚችሉ ይጠቁመናል። ሳይንቲስቶች ሁለቱን መለየት የቻሉት በመድኃኒቶች በመታገዝ፣ በእንስሳት ላይ ባደረጉት ምርምር ነው።

እንደሚታወቀው የነርቭ ሕዋሳት የሚግባቡት በኬሚካላዊ መልእክተኞች ነው። ከአንዱ ሕዋስ የወጣ መልእክተኛ በሌላው ሕዋስ ገጽ ላይ ካለ ተቀባይ ፕሮቲን ጋር ቁልፍ ከጓጉንቸር እንደሚገጥም ይገጥማል። አንዳንድ መድኃኒቶች ይህንኑ ስፍራ ቀድመው በመያዝ መልእክቱን ያግዳሉ። ግሉታሜት የተባለው መልእክተኛ ካሉት ተቀባዮች መካከል ኤንኤምዲኤ እና አምፓ ይገኙበታል።

እ.ኤ.አ. በ2003 የኤድንብራው ተመራማሪ ሪቻርድ ሞሪስና ባልደረቦቹ አይጦች ሁለት የተለያየ ጣዕም ያላቸውን ምግቦች በሁለት ስፍራዎች እንዲያገኙ አደረጉ። ቆየት ብሎ አንዱን ጣዕም ሲቀምሱ፣ አይጦቹ ያ ምግብ ወደተገኘበት ስፍራ አመሩ። ኤንኤምዲኤን የሚያግድ መድኃኒት ከትምህርቱ በፊት ሂፖካምፐስ በተባለው የአንጎል ክፍል ሲሰጥ፣ አይጦቹ ስፍራውን መያዝ ተሳናቸው። ይኸው መድኃኒት ከተማሩ በኋላ፣ ከማስታወሻው ፈተና በፊት ሲሰጥ ግን አልጎዳቸውም። በዚህ ጊዜ ማስታወስን ያሰናከለው አምፓን የሚያግደው መድኃኒት ነበር።

ምክንያቱ ምንድን ነው? ኤንኤምዲኤ ሲከፈት ካልሲየም ወደ ሕዋሱ ገብቶ በሕዋሳቱ መካከል ያለው ግንኙነት እንዲጠነክር ያደርጋል። አምፓ ደግሞ የዕለት ተዕለቱን ፈጣን መልእክት ያስተላልፋል። አዲስ መንገድ መጥረግ ሌላ፣ በተጠረገው መጓዝ ሌላ መሆኑን ልብ ይሏል።

ታዲያ የተዘጋውን መንገድ መልሶ መክፈት ይቻላልን? እ.ኤ.አ. በ2019 የጃፓን ተመራማሪዎች ያወጡት ጥናት ለዚህ ፍንጭ ይሰጣል። ኤች3 የተባለው ተቀባይ የሂስታሚንን መመንጨት ይገታል፤ እርሱ ሲታገድ ሂስታሚን ይጨምራል። ከቀናት በፊት ያዩትን ዕቃ ረስተው እንደ አዲስ ይመለከቱ የነበሩ አይጦች፣ ይህን ተቀባይ የሚያግድ መድኃኒት ሲሰጣቸው ዕቃውን መልሰው ለዩት። ትውስታው ተሰውሮ እንጂ ጠፍቶ አልነበረም ማለት ነው። ለራስ ማዞር በሚታዘዝ ተመሳሳይ መድኃኒት በ38 ሰዎች ላይ በተደረገው ሙከራም መሻሻል ታይቷል፤ ይበልጥ የጎላውም የማስታወስ ውጤታቸው ዝቅተኛ በነበረው ላይ ነው።

ይህን ያነበበ ተማሪ ለፈተና መድኃኒት ፍለጋ እንዳይወጣ አደራ እንላለን። አንድ ተቀባይ የሚሠራው አንድ ሥራ ብቻ አይደለም። ኤንኤምዲኤን የሚያግደው ኬታሚን በሆስፒታሎች ሕመምተኛን የሚያደነዝዝ መድኃኒት መሆኑ ለዚህ በቂ ማስረጃ ነው። ከአይጥ የተገኘ ውጤትም እንዳለ ለሰው አይሠራም።

ይልቁንም ከጥናቶቹ የምንቀስመው ቁም ነገር አለ። ትምህርትን መያዝ ብቻውን አይበቃም፤ ፈልጎ ማውጣትም ልምምድ ይሻል። ስለዚህ ደብተርን ደጋግሞ ከማንበብ ባሻገር፣ ደብተርን ዘግቶ ራስን መጠየቅ ይበጃል።